ቴስታና አንጎል፦ የጄፍ አስትል ሕይወት

የጭንቅላት ጉዳት ሲባል ብዙዎቻችሁ የሚታያችሁ ደም የፈሰሰው ወይም ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ይሆናል። ዛሬ ታሪኩን የማወጋችሁ ሰው ግን የሚታወቀው በመውደቅ ሳይሆን ኳስን በቴስታ በመምታት ነው።

ጄፍ አስትል እ.ኤ.አ. በ1942 በእንግሊዝ ኖቲንግሃምሻየር፣ ኢስትውድ በምትባል የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ከተማ ተወለደ። በኖትስ ካውንቲ ጀምሮ በ1964 በ25 ሺህ ፓውንድ ወደ ዌስት ብሮሚች አልቢዮን ተዛወረ። በዚያ 10 ዓመት ቆየ። በ361 ጨዋታዎች 174 ግቦች አስቆጠረ። በ1968ቱ የኤፍ ኤ ካፕ በየዙሩ እያገባ መጥቶ በፍጻሜው ኤቨርተንን 1 ለ 0 የረቱበትን ግብ በጭማሪ ሰዓት አስቆጠረ። የሚገርመው፣ ያቺ ዝነኛ ግብ በቴስታ ሳይሆን በግራ እግሩ የተመታች ናት። በ1969/70 የውድድር ዘመን በ25 ግቦች የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ በ1970ም ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ወደ ሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ሄደ።

ግብ ሲያገባ የምናየው ግን ጥቂቱን ነው። ለአንድ ግብ ከኋላው በልምምድ ሜዳ በተደጋጋሚ በግንባር የተመቱ ኳሶች አሉ። የዚያን ጊዜ ኳስ ከቆዳ የተሠራ ስለሆነ ዝናብ ሲመታው ውኃ እየጠጣ ይከብድ ነበር። የዛሬው ኳስ ቀላል ስለሆነ አያሰጋም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ደረቅ ሲሆን የሁለቱም ክብደት ያው ከ410 እስከ 450 ግራም ነው። የዛሬው ውኃ አይጠጣም እንጂ ፍጥነቱ ቀላል አይደለም።

አስትል ጫማውን ከሰቀለ በኋላ የጽዳት ሥራ ድርጅት ከፈተ። በ1990ዎቹም በአንድ የቴሌቪዥን የኳስ ቀልድ ፕሮግራም ላይ እየዘፈነ አገሩን ያስቅ ነበር። ገና በ50ዎቹ ዕድሜው ሳለ ግን መርሳት ጀመረ። ሕመሙ እየጠና ሄዶ ኳስ ተጫዋች እንደነበረ እንኳ የማያስታውስበት ደረጃ ደረሰ። በጥር 2002፣ በ59 ዓመቱ፣ በልጁ ቤት ሳለ ትን ብሎት ሞተ።

በዚያው ዓመት የሞቱን መንስኤ ያጣራው ሹም የሰጠው ውሳኔ ብዙዎችን አስገረመ፤ አስትል የሞተው ከሥራው በመጣ በሽታ ነው አለ። አንጎሉን የመረመሩት ሐኪም የቦክሰኛ የሚመስል ጉዳት አግኝተውበት ነበር። ቤተሰቡ የኳሱ ዓለም ጉዳዩን በቁም ነገር እንዲያጠናው ለዓመታት ጠብቆ አጣ። በ2014 ግን የግላስጎው ሐኪም ዊሊ ስቱዋርት አንጎሉን እንደገና መርምረው ስሙን ሰጡት፦ ክሮኒክ ትራውማቲክ ኢንሴፋሎፓቲ፤ በተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት የሚመጣ የአንጎል መበላሸት ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጎል ለስላሳ ነው፤ በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ ይቀመጣል። ጭንቅላት ሲመታ አንጎል ይናወጣል፣ ረጃጅም የነርቭ ክሮቹም ይወጠራሉ። ሰውየው ላይወድቅ፣ ላያዞረውም ይችላል። ምቱ ለዓመታት ሲደጋገም ግን ታው የተባለ ፕሮቲን በትንንሽ የደም ሥሮች ዙሪያ መጠራቀም ይጀምራል። በሽታውን በእርግጠኝነት ማወቅ የሚቻለው ከሞት በኋላ አንጎሉን በማይክሮስኮፕ በማየት ብቻ ነው። ሲቲ ስካን አያሳየውም።

በ2019 የነስቱዋርት ጥናት እንዳሳየው፣ ቀድሞ በስኮትላንድ በሙያ የተጫወቱ ሰዎች በመርሳትና መሰል የአንጎል በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ነበር። በኋላ እንደታየው ኳስን በብዛት በቴስታ በሚመቱት ተከላካዮች ላይ ጎልቷል፤ በረኞች ላይ ግን አልታየም። ልጅዎን ከሜዳ ለማስቀረት ከመነሳትዎ በፊት ሌላውንም ይስሙ፤ እነዚሁ ተጫዋቾች በልብ ሕመምና በሳንባ ካንሰር የሚሞቱት ከሌላው ሰው ባነሰ ሁኔታ ነው። ስለዚህ ይጫወት። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ከ2020 ጀምሮ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በልምምድ ላይ ቴስታ እንዳይመቱ ተደርጓል፤ የእርስዎም ልጅ አሰልጣኝ ይህን ማድረግ አያቅተውም።

የተመታ ተጫዋች ላይ ውኃ አፍስሶ ወደ ሜዳ መመለስ የለመድነው ነገር ነው። ካዞረው፣ ካደነዘዘው ወይም ውጤቱ ስንት እንደሆነ ከጠፋው የዚያን ቀን ጨዋታው አብቅቷል። ያልዳነ አንጎል ሌላ ምት ቢጨመርበት ጉዳቱ ይብሳል። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ ካንዘፈዘፈው፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ንጹሕ ፈሳሽ ከወጣ ወይም ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይውሰዱት።

አንድ ነገር ልጨምር። አባትዎ ወይም አጎትዎ በወጣትነታቸው ኳስ ወይም ቦክስ ተጫውተው አሁን መርሳት ከጀመሩ፣ ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩት። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አረጋውያንን ስለ ደም ግፊትና ስኳር እንጂ ስለ ስፖርት ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዕድሜ ነው ብለውም ቤት አያስቀምጧቸው፤ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ ከቀላል ምት በኋላ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደምም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው።