ዶክተር አልበርት ሳቢን፡- ከፖሊዮ ክትባት በፊት የደንጊን ባሕርይ ያጠኑ ተመራማሪ

በአፍ በሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ስማቸው በዓለም የታወቀው ዶክተር አልበርት ሳቢን፣ ቀደም ሲል በደንጊ ትኩሳት ላይ ያካሄዱት ምርምር ለዛሬው የክትባት ሥራ መሠረት ከጣሉት መካከል ይገኛል።

ዶክተር ሳቢን እ.ኤ.አ. በ1906 በወቅቱ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው፣ ዛሬ የፖላንድ በሆነችው የቢያሊስቶክ ከተማ ተወለዱ። በ1921 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው በ1931 ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። በ1939 በሲንሲናቲ ከተማ የምርምር ሥራቸውን ጀመሩ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ ወታደሮች በትንኝ በሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት በብዛት በመታመማቸው፣ ዶክተር ሳቢን በጦሩ የሕክምና ክፍል ሆነው በሽታውን እንዲያጠኑ ተመደቡ። በጥናታቸውም ቫይረሱ ከአንድ በላይ ዓይነት እንዳለው ለዩ። በአንዱ ዓይነት ታምሞ የዳነ ሰው ያንኑ ዓይነት ለረዥም ጊዜ ቢቋቋምም፣ ከሌላው ዓይነት የሚጠበቀው ግን ለጥቂት ወራት ብቻ መሆኑን በሰዎች ላይ ባካሄዱት ሙከራ አረጋገጡ። በ1945 ከባልደረባቸው ጋር በመሆን በአይጥ አንጎል ውስጥ በማራባት የተዳከመ የደንጊ ቫይረስ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ይሁንና ግኝቱ በስፋት ለአገልግሎት የሚውል ክትባት አልሆነም።

ከጦርነቱ በኋላ ፊታቸውን ወደ ፖሊዮ መልሰው ያዘጋጁት ክትባት ከ1959 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት ለሚሊዮኖች ተሰጠ። በክትባቱ የባለቤትነት መብት ሳይጠይቁበት በ1993 አረፉ።

የደንጊ ጥናታቸው ክብደት በግልጽ የታየው ግን ከሞታቸው በኋላ ነው። የቫይረሱ ዓይነቶች አራት መሆናቸው ከታወቀ ቆይቷል። ፊሊፒንስ በ2016 ለተማሪዎች መስጠት የጀመረችው ክትባት፣ ቀድሞ በደንጊ ተይዘው በማያውቁ ልጆች ላይ ለጽኑ ሕመም የመጋለጥ ዕድልን እንደሚጨምር በመታወቁ በ2017 መርሐ ግብሩ ተቋረጠ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ክትባቱ ከመሰጠቱ በፊት ሰዎቹ ቀደም ሲል በበሽታው ተይዘው እንደነበር በምርመራ እንዲረጋገጥ መከረ።

በ2013 በድሬዳዋ የደንጊ ወረርሽኝ ለተከሰተባት ኢትዮጵያም የዶክተሩ ጥናት ትርጉም አለው። ከአንዱ ዓይነት መጠበቅ ከሁሉም መጠበቅ ስላልሆነ፣ ክትባትን ለሕዝብ ከማዳረስ አስቀድሞ የትኛው የቫይረስ ዓይነት በየትኛው አካባቢ እንደሚገኝና ማን ቀድሞ እንደተያዘ በላቦራቶሪ ማወቅ ለጤና አገልግሎት ውሳኔ ቀዳሚው ተግባር ነው።