በቶክዮ የተማረው የመስኮብ ልጅ

እኛ ተማሪዎች ስለ ባሕር ማዶ ትምህርት በተነጋገርን ቍጥር ወሬያችን የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ በጉዞውና በልብሱ ላይ ነው። ከደረሱ በኋላ በሰው አገር እንዴት ያለ ተማሪ መሆን እንደሚገባ ግን እምብዛም አናነሣም። እኔም ይህንኑ ሳስብ የሰርጌ ኤሊሴዬፍን ታሪክ አገኘሁና ለመጽሔታችን ልጽፈው ወደድሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ ያደረግሁት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ኤሊሴዬፍ በ1889 ዓ. ም. ያን ጊዜ የመስኮብ መንግሥት ዋና ከተማ በነበረችው በሴንት ፒተርስቡርግ ተወለደ። ቅድመ አያቱ የመኳንንት ገባር ነበር። ነጻነቱን ካገኘ በኋላ በከተማው ንግድ ጀመረ፤ ልጆቹም ወይንና የባዕድ አገር ፍራፍሬ እያስመጡ በመሸጥ ከበሩ፤ በ1903 በኔቭስኪ ጎዳና ላይ የተከፈተው የቤተ ሰቡ መደብርም ስሙ የታወቀ ሆነ። እንግዲህ ልጁ ያደገው ምንም ባልጐደለበት ቤት ሲሆን ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ የተማረው በሕፃንነቱ ነው። በ1900 በፓሪስ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን የሩቅ ምሥራቅን የእጅ ሥራ አይቶ ልቡ ተነካ። ከ4 ዓመት በኋላ አገሩ ከጃፓን ጋራ ጦርነት ገጥማ ተሸነፈች። እርሱ ግን አገሩን ድል የነሣውን ሕዝብ ቋንቋ ለመማር ቈረጠ። እኔን መጀመሪያ ያስገረመኝ ይህ ነው።

የምሥራቅ ቋንቋዎች ሊቅ የነበሩት ሰርጌ ኦልደንቡርግ ምክር ሰጡት። ምክራቸውም በመጀመሪያ በበርሊን መሠረቱን እንዲይዝ፤ ከዚያ ወደ ጃፓን ሄዶ እንደ አገሩ ልጅ በዩኒቬርሲቲያቸው እንዲማር ነበር። በዚያ ዘመን ጃፓንኛ የሚያጠና አውሮፓዊ ብዙውን ጊዜ ወይ ቆንስል ወይ ሚሲዮናዊ ነበር፤ በቤቱ ተቀምጦ አስተማሪ እያስጠራ ይማራል እንጂ ከጃፓን ተማሪዎች መካከል በወንበር አይቀመጥም። ኤሊሴዬፍ በበርሊን አንድ ዓመት ያህል ሲማር ሺንሙራ ኢዙሩ ከተባለ ጃፓናዊ የቋንቋ ሊቅ ጋራ ተዋወቀ። ይህም ሰው በ1955 የወጣውን ኮጂዬን የተባለውን ታላቅ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ነው። በ1908 የ19 ዓመቱ ወጣት ቶክዮ ደረሰና በንጉሠ ነገሥቱ ዩኒቬርሲቲ በሥነ ጽሑፍ ክፍል ገባ።

አሁን ስለ ትምህርቱ ክብደት ጥቂት ልናገር። ጃፓኖች ሂራጋናና ካታካና የሚባሉ ሁለት ፊደሎች አሏቸው፤ እያንዳንዱ ምልክት እንደ እኛ ፊደል አንድ ሙሉ ድምፅ ይይዛል። ዛሬ የሚሠራባቸው በያንዳንዱ 46 ናቸው፤ ፊደል ለቈጠረ ሐበሻ ይህ አያስፈራም። የሚያስፈራው ከቻይና የተወሰደው ጽሕፈት ነው። ምልክቱ በብዙ ሺሕ ይቈጠራል፤ አንዱ ምልክት ደግሞ እንደ ቦታው ልዩ ልዩ ንባብ አለው። የተራራ ምልክት ብቻውን ሲጻፍ ያማ ተብሎ ይነበባል፤ ከፉጂ ተራራ ስም ጋራ ሲጻፍ ግን ሳን ይባላል። ከዚህም በላይ የጥንቱ የመጽሐፍ ቋንቋ ከሚናገሩት ቋንቋ የራቀ ነበር። አባቶቻችን በአማርኛ እየተነጋገሩ በግእዝ ይጽፉ የነበረበትን ዘመን ያሰበ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። እንግዲህ ኤሊሴዬፍ የመንገዱን ጃፓንኛ፣ የመጽሐፉን ጃፓንኛና የቻይናን የጥንት ጽሑፍ ባንድ ጊዜ መማር ነበረበት፤ የዩኒቬርሲቲው ትምህርትም የተሰናዳው እነዚህን ከልጅነታቸው ጀምረው ለተማሩ ወጣቶች ነበር።

ገንዘብ ስላለው ቀላል ሆነለት የሚል ይኖራል፤ እኔም በመጀመሪያ እንዲሁ አስቤ ነበር። እውነት ነው፤ በቤቱ አስተማሪዎች ቀጥሮ ነበር። ነገር ግን አስተማሪ ይገዛል እንጂ ፊደሉ አይገዛም፤ እርሱን ቁጭ ብሎ ማጥናት የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ትምህርቱ በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም። ካቡኪ የሚባለውን የአገሩን ቴያትር ወደደ፤ ውዝዋዜያቸውንም ተማረ። ኮሚያ ቶዮታካ የተባለ ጓደኛው ደግሞ ወደ ደራሲው ወደ ናትሱሜ ሶሴኪ ቤት ወሰደው። ሶሴኪ በ1907 የዩኒቬርሲቲ አስተማሪነታቸውን ትተው ለአሳሂ ጋዜጣ መጻፍ የጀመሩ ሰው ነበሩ፤ በየሐሙሱም ወጣቶች በቤታቸው እየተሰበሰቡ ስለ መጻሕፍት ይከራከሩ ነበር። ኤሊሴዬፍ ከነዚህ እንደ አንዱ ተቈጠረ፤ ስለ ሩሲያ ሥነ ጽሑፍም በአሳሂ ጋዜጣ ጻፈ።

ሶሴኪ ራሳቸው ከ1900 እስከ 1902 መንግሥታቸው ልኳቸው በለንደን የተማሩ ናቸው። ገንዘቡ አነሳቸው፤ ሰውም አልቀረባቸውም፤ በኪራይ ክፍላቸው ተዘግተው መጻሕፍት ብቻ እያነበቡ በብርቱ ኀዘን ሰነበቱ። ያን ሁሉ ያዩ ሰው በስተኋላ ለአንድ ባዕድ ተማሪ በራቸውን ከፈቱ። ለምን እንደ ሆነ መገመት የሚከብድ አይመስለኝም። ኤሊሴዬፍ ቶክዮ በደረሰበት በ1908 ሳንሺሮ የተባለው ድርሰታቸው በጋዜጣ ይወጣ ነበር፤ ነገሩም ከባላገር ወደ ቶክዮ ዩኒቬርሲቲ መጥቶ ስለሚደናገር ተማሪ ነው። ሶሴኪ በኤሊሴዬፍ የሳንሺሮ መጽሐፍ ላይ አጭር ግጥም በእጃቸው ጻፉለት። እኔ ብሆን ከዲፕሎማው ይልቅ እርሱን በክብር በሰቀልሁ!

ዲፕሎማውም አልቀረም። በ17ኛው መቶ ዓመት ስለ ነበረው ባለ ቅኔ ስለ ባሾ የመመረቂያ ጽሑፉን ጽፎ በሐምሌ 1912 ተመረቀ፤ በዚያ ዩኒቬርሲቲ የጃፓንን ሥነ ጽሑፍ ተምሮ በመመረቅ የመጀመሪያው ምዕራባዊ እርሱ ነው። በበዓሉ ላይ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ተገኝተው ነበር፤ በዚያው ወር በ30ኛው ቀን ዐረፉ። ኤሊሴዬፍ ከዚያ ወዲያ 2 ዓመት በቶክዮ ጥናቱን ቀጥሎ በ1914 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በዩኒቬርሲቲም ማስተማር ጀመረ።

በ1917 አብዮት ተነሣ። የነጋዴው ቤተ ሰብ ሀብት ሁሉ ተወረሰ፤ በከተማዪቱም ረኃብ ገባ። በ1919 ኤሊሴዬፍ ተይዞ ጥቂት ቀን ታሰረ። በ1920 ከሚስቱና ከሁለት ሕፃናት ልጆቹ ጋራ በትንሽ ጀልባ ተሸሽጎ ባሕሩን ተሻገረና ፊንላንድ ገባ። በ1900 በሀብታም ልጅነቱ ወደ ጐበኛት ወደ ፓሪስ አሁን ስደተኛ ሆኖ ገባ። መደብሩም ወይኑም የለም። በእጁ የቀረው በቶክዮ ያጠናው ብቻ ነበር፤ እርሱ ግን እንጀራ ሆነው። በጃፓን ኤምባሲ አስተርጓሚ ሆነ፤ በሶርቦን አስተማረ፤ የጃፓን ደራሲዎችን አጫጭር ልብ ወለዶች ወደ ፈረንሳይኛ መለሰ። ስለ እስራቱ የጻፈውና በ1921 የታተመው መጽሐፍ በመስኮብኛ አይደለም፤ በጃፓንኛ ነው። እንዲህ ያለውን መከራ ሰው በእናቱ ቋንቋ ይጽፈዋል ብዬ እገምት ነበርና ይህን ሳነብ ብዙ አሰብሁ።

በ1930ዎቹ ወደ አሜሪካ ተጠርቶ ከ1934 እስከ 1956 በሃርቫርድ ዩኒቬርሲቲ የሃርቫርድ ዬንቺንግ ተቋም ዲሬክተር ሆነ፤ በ1936ም የምሥራቅ እስያን ጥናት የሚያወጣ መጽሔት አቋቋመ። ራሱ የደረሳቸው መጻሕፍት ከዕውቀቱ ጋራ ሲመዛዘኑ ጥቂቶች ናቸው፤ ይህን ጕድለት አልሸሽግም። ጊዜውን የወሰደበት ሌሎችን ማስተማር ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ኤድዊን ራይሻወር ሲሆን፣ ሁለቱ ሆነው በ1941 ለዩኒቬርሲቲ ተማሪዎች የሚሆን የጃፓንኛ መማሪያ አወጡ። በዚያው ዓመት ጃፓንና አሜሪካ ጦርነት ገጠሙ፤ ጃፓንኛ የሚያውቅ ሰውም በእጅጉ ተፈለገ።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በ1961 ይኸው ራይሻወር የአሜሪካ አምባሳደር ሆኖ ቶክዮ ገባ፤ እስከ 1966ም በዚያ ቈየ። ኤሊሴዬፍ ያን ጊዜ ከሃርቫርድ ተሰናብቶ በፓሪስ ተቀምጦ ነበር። በ1975 ዓ. ም. በ86 ዓመቱ እዚያው ዐረፈ።