ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እና የጣና ግድብ ዜና፦ ከሕዝብ ግንኙነት አንጻር የቀረበ አጭር የሕይወት ታሪክ

የአንድ ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ዜና ማሰራጨት ብቻ አይደለም፤ ዜናው ለማን፣ መቼና በማን አንደበት እንደሚደርስ መወሰንም ነው። ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያ ታሪክ ጎልቶ ከታየባቸው አጋጣሚዎች አንዱ በ1920 ዓ.ም. የተሰማው የጣና ሐይቅ ግድብ ስምምነት ነው። የጉዳዩ ዋና ተልእኮ ፈጻሚም አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ።

ወርቅነህ የተወለዱት በጎንደር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ ገና ሕፃን ነበሩ፤ ከቤተሰባቸው ተለይተው ከእንግሊዝ መኮንኖች ጋር ወደ ሕንድ ተወሰዱ። ቻርልስ ማርቲን የሚለውን ስም ያገኙትም በዚያ ነው። በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ በስኮትላንድ ትምህርታቸውን አዳበሩ፤ በበርማም በሐኪምነት አገለገሉ። ከአድዋ ድል በኋላ ወደ ሀገራቸው መጥተው ከዘመዶቻቸው ጋር ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ በውጭ ጋዜጦች ዶክተር ማርቲን፣ በሀገር ቤት ሐኪም ወርቅነህ ተብለው ይጠሩ ነበር። የሁለቱን ወገኖች ቋንቋና አስተሳሰብ ማወቃቸው ለኋላው ተልእኳቸው መሠረት ሆነ።

ተልእኮው አስቸጋሪ ታሪክ ነበረው። ዐፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል፣ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ካልተስማሙ በቀር በዐባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ፍሰቱን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ቃል ገብተው ነበር። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ስለ ጣና ግድብና ስለ ባቡር ሐዲድ ተስማሙ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ነገሩን በዝምታ አላለፉትም፤ በሰኔ ወር ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታ አቀረቡ። ለብቻቸው የተስማሙት መንግሥታትም ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ እንደሌላቸው በይፋ ለማስታወቅ ተገደዱ። ከዚህ በኋላ የአደባባይ ንግግር ለደካማው ወገን መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ግልጽ ሆነ።

ሐኪም ወርቅነህ ወደ አሜሪካ የተላኩት በዚህ መንፈስ ነው። በኒው ዮርክ ከጄ. ጂ. ኋይት የምህንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ግድቡ ተነጋግረው ወደ መጀመሪያ ስምምነት ደረሱ። በሃርለምም ተገኝተው ባለሙያ የሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። የስምምነቱ ዜና በጥቅምት 1920 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ጋዜጦች ወጣ። በለንደን ዜናው ቅሬታን አስነሣ፤ የ1894ቱ ውልም ወዲያው ተጠቀሰ።

ይህን ውጤት በአንድ ወገን ብቻ መመዘን ስሕተት ይሆናል። ዜናው ኢትዮጵያ ሌላ አማራጭ እንዳላት ለእንግሊዝ አሳየ፤ የአሜሪካው ኩባንያም ከጉዳዩ ሳይወጣ በ1923 ዓ.ም. አካባቢ የጣናን ጥናት አካሄደ፤ በ1925 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጉባኤ ተደረገ። በሌላ በኩል፣ በውል የተሳሰረው ወገን ነገሩን በጋዜጣ መስማቱ ጥርጣሬን አሳደገ። ግድቡ የኢጣሊያ ወረራ እስኪደርስ ድረስ አልተሠራም። ስለዚህ የአደባባዩ ዜና የመደራደር አቅምን ከፍ አድርጓል፤ መተማመንን ግን ሊተካ አልቻለም።

ተመሳሳይ ነገር ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሳሉ ታየ። በነሐሴ 1927 ዓ.ም. መጨረሻ ለፍራንሲስ ሪኬት የተሰጠው የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ዜና ድንገት ተሰማ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ራሱን ከነገሩ አገለለ፤ ከበስተጀርባ የነበረው የአሜሪካ ኩባንያም በመንግሥቱ ግፊት በጥቂት ቀናት ውስጥ ውሉን ተወ። ወረራው ሲጀመር ሐኪም ወርቅነህ በስብሰባዎችና በጋዜጦች የሀገራቸውን ጉዳይ ለእንግሊዝ ሕዝብ አስረዱ፤ የገንዘብ ድጋፍም ጠየቁ። የግል ኪሳራቸው ግን ከባድ ነበር፤ ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በ1929 ዓ.ም. በኢጣሊያኖች ተገደሉ። ከነፃነት በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አረፉ።

የሐኪም ወርቅነህ ታሪክ ውኃ የሚጋሩ ወገኖች ባሉበት ሁሉ ይሠራል። በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ባለችው አርባ ምንጭ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በኋላም በዩኒቨርሲቲው የውኃ መሐንዲሶች ሲሠለጥኑ ቆይተዋል። እነርሱን የሚቀጥር ድርጅት ከንድፉ ጋር የንግግር ቅደም ተከተልም ያስፈልገዋል። በጋሞ ደጋ ሁሉን የሚነካ ጉዳይ ዱቡሻ ላይ ይመከርበታል፤ በዚያ ሥርዓት ጉዳዩ የሚነካው ሰው ውሳኔውን ከመንገድ ወሬ አይሰማም። ለድርጅቶች አማካሪ የሚሆን የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያም የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ሊሆን ይገባል፤ ዜናው ጋዜጣ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሊሰማው የሚገባው ማን ነው?