ሐንስ ክርስቲያን አንደርሰን

ተማሪዎች ሆይ፣ መልኩ ከሌሎቹ ስለተለየ ተነክሶና ተባርሮ ብቻውን የተንከራተተውን የዳክዬ ጫጩት ተረት በልጅነታችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። የደራሲውን ሕይወት ብትመረምሩ ተረቱ ከየት እንደመነጨ ትረዳላችሁ።

እ.ኤ.አ. ከ1805 እስከ 1875 የኖረው ሐንስ ክርስቲያን አንደርሰን የተወለደው በዴንማርክ አገር፣ ኦዴንሰ በተባለች ከተማ ነው። አባቱ ጫማ ሰፊ፣ እናቱ ልብስ አጣቢ ነበሩ። ተረት ያነብለት የነበረው አባቱ ልጁ 11 ዓመት ሲሆነው ሞተ። እናቱ ልብስ ሰፊ እንዲሆንላት ብትመኝም፣ እርሱ በ14 ዓመቱ ዝናን ፍለጋ ወደ ኮፐንሃገን ሊሄድ ተነሣ። እናቲቱ ጠንቋይ አማከረች፤ ጠንቋይዋም ኦዴንሰ አንድ ቀን ለዚህ ልጅ ክብር በመብራት እንደምታሸበርቅ ስለነገረቻት አሰናበተችው።

በኮፐንሃገን ዘፋኝ ለመሆን ሞከረ፤ ድምፁ ጎረነነ። ውዝዋዜም ተውኔትም ሞከረ፤ አልሆነለትም። በመጨረሻ ከንጉሣዊው ቴአትር አስተዳዳሪዎች አንዱ የነበረው ዮናስ ኮሊን በንጉሡ ገንዘብ እንዲማር አደረገው። የ17 ዓመቱ ጎረምሳ ከትንንሽ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተቀመጠ፤ ርዕሰ መምህሩም ይሳለቅበት ነበር። እናንተ በእርሱ ቦታ ብትሆኑ ስንት ቀን ትታገሡ ነበር?

የመጀመሪያዎቹ ተረቶቹ በ1835፣ «አስቀያሚው የዳክዬ ጫጩት» ደግሞ በ1843 ታተሙ። ብዙዎች ይህን ተረት በጎ ያሰበ ሁሉ ያሰበው ይሞላለታል እንደሚል አድርገው ያነቡታል። ይህ የችኮላ ንባብ ይመስለኛል። ጫጩቱ ነጭና አንገተ ረጅም ወፍ የሆነው ስለተመኘ ሳይሆን፣ ከመጀመሪያውም ከስዋን እንቁላል ስለተፈለፈለ ነው። ተስፋው የረዳው በሌላ ነገር ነው። የአውሮፓ ክረምት ብርዱ የከፋ ነውና ኩሬው በረዶ መሥራት ሲጀምር፣ ጫጩቱ ውሃው እንዳይዘጋበት እግሮቹን ያለ ዕረፍት ያንቀሳቅስ ነበር። ክፍተቱ ግን በየሌሊቱ እየጠበበ ሄደ፤ በመጨረሻም ጉልበቱ አልቆ ከበረዶው ጋር ተጣበቀ። ያዳነው በማለዳ ሲያልፍ ያየው ገበሬ ነው፤ በእንጨት ጫማው በረዶውን ሰብሮ አወጣው። ያ ሰው ባይደርስለት ኖሮ የጫጩቱ መፍጨርጨር ምን በጠቀመው? ኮሊን ባይደርስለት ኖሮስ አንደርሰን ምን ይሆን ነበር?

ከሁለት ዓመት በኋላ ያሳተመውን የክብሪት ሻጯን ልጅ ተረት ከዚህ ጋር አስተያዩት። ልጅቷ በብርድ ሌሊት ክብሪት በጫረች ቁጥር ሙቅ ምድጃ፣ የተጠበሰ ዝይ፣ በሞት የተለየቻትን አያቷን ታያለች። ሐሳቧ እስከ መጨረሻው ብሩህ ነው፤ ሲነጋ ግን በድን ሆና ተገኘች። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ክብሪት አልገዛትም ነበር።

ደራሲው ራሱ ዘወትር ደስተኛ ሰው አልነበረም። ትችት ቶሎ ያቆስለው ነበር፤ ያደረበት ቤት ቢቃጠል በመስኮት ለመውረድ ብሎም በጉዞው ሁሉ ገመድ ይዞ ይዞር ነበር።

በ1867 ኦዴንሰ የክብር ዜጋዋ አደረገችው፤ ከተማይቱም በመብራት አሸበረቀች። የ62 ዓመቱ አንደርሰን የችቦውን ብርሃን የተመለከተው ብርቱ የጥርስ ሕመም እያሠቃየው ነበር። በጠንቋይዋ ቃል ተማምና ያሰናበተችው እናቱ ከሞተች 34 ዓመት ሆኗት ነበር።