ኦነሲሞስ ነሲብ፦ ማስተማሪያውን አስቀድመው ያዘጋጁት መምህር

በምዕራብ ሸዋ ዞን የምትገኘው ጌዶ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦና በጉደር በኩል ወደ ነቀምት በሚያመራው ዋና መንገድ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የከተማዋና የአካባቢዋ ሕፃናት በትምህርት ቤት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በአፋን ኦሮሞ ፊደል ይቆጥራሉ። ለዚህ ቋንቋ የንባብ መጽሐፍ በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ኦነሲሞስ ነሲብ ያረፉት ደግሞ በዚሁ መንገድ መዳረሻ በነቀምት ነው።

ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ሲሆን ፍችውም ተርጓሚ ማለት ነው። አባታቸውን ገና በሕፃንነታቸው አጡ። በልጅነታቸውም በባሪያ ፈንጋዮች ተይዘው ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጡ ቆይተው ምጽዋ ደረሱ፤ በዚያም እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጡ። ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ተቀብሎ አስተማራቸው። በ1872 ሲጠመቁም ኦነሲሞስ ተባሉ።

ሚስዮኑ ወጣቱን እ.ኤ.አ. በ1876 ወደ ስዊድን ላካቸው። በስቶክሆልም አቅራቢያ በዮሃነሉንድ ለአምስት ዓመታት ለአስተማሪነትና ለወንጌል ሰባኪነት የሚያበቃ ትምህርት ተከታተሉ። በዚያ ዘመን አንድ ኢትዮጵያዊ ይህን ያህል ጊዜ በውጭ አገር ለማስተማር ሥራ ሲሠለጥን ማየት እምብዛም የተለመደ አልነበረም። ይሁን እንጂ ሥልጠናው ብቻውን ወደታለመለት ሕዝብ ሊያደርሳቸው አልቻለም። በ1881 ከተመለሱ በኋላ በሱዳን በኩል ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት ያደረጉት ጉዞ ሳይሳካ ቀረ፤ ቀጥሎ በሸዋ በኩል የተደረገው ሙከራም ፈቃድ ባለማግኘቱ ተደናቀፈ።

መንገዱ ሲዘጋ ኦነሲሞስ በእምኩሉ ተቀምጠው ወደ መጻሕፍት ዝግጅት አዘነበሉ። ከእርሳቸው አስቀድሞ ጀርመናዊው ክራፕፍ በኦሮሞ ተናጋሪዎች እየታገዘ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎችን አሳትሞ ነበር። ተማሪን ከፊደል አንስቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ንባብ የሚያሻግር መጽሐፍ ግን ለመምህሩ አስፈላጊ ነበር። በዚህ ላይ ሌላ ችግር ተደረበ። ኦነሲሞስ ከትውልድ ቀያቸው የተነጠቁት በልጅነታቸው በመሆኑ የቋንቋቸው ሀብት ከጊዜ ወደ ጊዜ ሳስቶባቸው ነበር።

ይህን ጉድለት የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። አስቴርም እንደ እርሳቸው በባርነት ተሽጣ የነበረች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ የመን በመጫን ላይ ሳለች የጣሊያን መርከብ አስጥሏት ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ገብታለች። የቋንቋ ችሎታዋ በመምህራኑ ዘንድ ወዲያው ታወቀ። ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ቃላትን ሰበሰበች፤ ከሕዝቡ አፍ የምታስታውሳቸውን ወደ 500 የሚደርሱ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖችም በጽሑፍ አሰፈረች። ከእነዚህ ውስጥ የተወሰኑት ሁለቱ በጋራ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተሙት የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። በመሆኑም ተማሪው የሚያነበው ባዕድ ታሪክ ሳይሆን ከአያቱ ሊሰማው የሚችለውን ተረት ነበር፤ ለጀማሪ አንባቢ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ስለ መጽሐፉ ሲነገር የአስቴር ስም ከኦነሲሞስ ኋላ መጠራቱ ድካሟን በልኩ የሚያሳይ አይመስልም።

የአዲስ ኪዳን ትርጉም በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። በዚህ ጊዜ በእምኩሉ የተማሩት ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ወለጋ ቦጂ ደርሰው ማስተማር ጀምረው ነበር።

ኦነሲሞስ ራሳቸው ነቀምት የገቡት ከስዊድን ከተመለሱ ከ20 ዓመታት በላይ ቆይተው በ1904 ነው። የአካባቢው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ በአክብሮት ተቀበሏቸው፤ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ መሰጠቱና የሕዝቡ ወደ እርሳቸው መሳብ ግን በአካባቢው ካህናት ዘንድ ቅሬታ አስነሳ። ጉዳዩ አዲስ አበባ ደርሶ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ተከሰሱ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ቢፈቅዱላቸውም ስብከታቸው ተከለከለ። በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቃድ እስኪሰጧቸው ድረስ ለዓመታት በጥንቃቄ ሠርተዋል። ኦነሲሞስ ሰኔ 21 ቀን 1931 (እ.ኤ.አ.) አረፉ።

መንግሥት የመጀመሪያውን የመምህራን ማሠልጠኛ በአዲስ አበባ የከፈተው ከዚያ 13 ዓመት በኋላ በ1944 ነው። አፋን ኦሮሞ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ የሆነው ደግሞ ከ1991 የመንግሥት ለውጥ ወዲህ ነው። በዚያው ዓመት ቋንቋው በላቲን ፊደል በቁቤ እንዲጻፍ ተወሰነ። በአፋን ኦሮሞ የአናባቢ መርዘምና የተነባቢ መጥበቅ የቃሉን ፍች ይለውጣሉ፤ የግዕዝ ፊደል እነዚህን ለይቶ አለማሳየቱ ለውሳኔው ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ነበር። የ1894ቱ የኦነሲሞስና የአስቴር መጽሐፍ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ስለሆነም በቁቤ ብቻ ማንበብ የተማረ የጌዶ ተማሪ የገዛ ቋንቋውን ተረቶች ከዚያ መጽሐፍ ለማንበብ አስቀድሞ ወደ ቁቤ ሊገለበጡለት ይገባል።