ጣዖትን ያቆመ፣ ጣዖትንም ያስወገደ ንጉሥ

ወንጌላዊው ቅዱስ ማቴዎስ የጌታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን የትውልድ ሐረግ ከአብርሃም አንሥቶ ሲቈጥር፣ ከደጉ ንጉሥ ከሕዝቅያስ ቀጥሎ የሚጠራው ስም አንባቢን ያስደነግጣል። እርሱም ኢየሩሳሌምን በጣዖትና በንጹሐን ደም የሞላት ምናሴ ነው። የልደትን በዓል በምናከብርበት በዚህ ዕለት የዚህን ንጉሥ ሕይወት መመርመር፣ ጌታችን ስለ ማን እንደ ተወለደ ያስገነዝበናል።

ምናሴ ከሕዝቅያስና ከሐፍሴባ ተወልዶ በ12 ዓመቱ ነገሠ፤ 55 ዓመትም ገዛ። ከይሁዳ ነገሥታት መካከል ይህን ያህል ዘመን በዙፋን የቈየ የለም። አባቱ የኮረብታ መስገጃዎችን አስወግዶ፣ ተዘግቶ የነበረውን ቤተ መቅደስ ከፍቶ ነበር ያለፈው። ልጁ ግን አባቱ ያፈረሰውን መልሶ ሠራ። ለበኣል መሠዊያ አቆመ፤ ለሰማይ ሠራዊት ሰገደ፤ የተቀረጸ ምስልም በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ አኖረ። ልጆቹን በሄኖም ልጅ ሸለቆ በእሳት አሳለፈ፤ መናፍስት ጠሪዎችንና ጠንቋዮችን ሰበሰበ። መስከረም 6 ቀን የሚነበበው ስንክሳር እንደሚያስረዳው፣ ነቢዩ ኢሳይያስን በመጋዝ ያሰነጠቀው እርሱ ነው።

ዘመኑ የአሦር ነገሥታት ምድርን ያንቀጠቀጡበት 7ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነበር። የአሦር ንጉሥ አስራዶን በሸክላ ላይ ባስጻፈው መዝገብ ከገበሩለት 22 ነገሥታት መካከል የይሁዳው ምናሴ ይገኛል። በኋላም የአሦር የጦር አለቆች ንጉሡን ይዘው፣ በሰንሰለት አስረው ወደ ባቢሎን ወሰዱት። ከሰበሰባቸው ጠንቋዮች አንዱ እንኳ ሊያስመልጠው አልቻለም፤ የሰገደላቸው ከዋክብትም ዝም አሉ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ ምናሴ የአባቶቹን አምላክ አሰበ፤ ራሱንም እጅግ አዋረደ። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የምትቈጥረው ጸሎተ ምናሴ የዚህ ንስሐ መታሰቢያ ነው። በዚህ ጸሎት ንጉሡ ምክንያት አይደረድርም፤ በሹማምንቱም ሆነ በልጅነቱ አያሳብብም። በደሉን በደሌ ብሎ ይቀበላል፤ ምሕረትንም ይለምናል። እግዚአብሔርም ልመናውን ሰምቶ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ መንግሥቱ መለሰው።

የምናሴ ንስሐ በእንባ ብቻ አልተፈጸመም። ምስሉን ከቤተ መቅደስ ያወጣው እጅ ራሱ ያስገባው እጅ ነው። የሠራቸውን መሠዊያዎች ከከተማይቱ ውጭ ጣለ፤ የእግዚአብሔርን መሠዊያ አድሶ የደኅንነትና የምስጋና መሥዋዕት አቀረበ፤ ሕዝቡም እግዚአብሔርን እንዲያመልክ አዘዘ።

ይሁን እንጂ የቀረ ነገር ነበር። ምስሎቹ ወደ ውጭ ተጣሉ እንጂ እንደ ደቀቁ አልተጻፈም። ምናሴ ሲሞት በ22 ዓመቱ የነገሠው ልጁ አሞን አባቱ ለሠራቸው ምስሎች ሠዋ፤ እንደ አባቱም ራሱን አላዋረደም። 2 ዓመት ብቻ ነግሦ በገዛ አገልጋዮቹ እጅ ተገደለ። አሞን ከአባቱ ረጅም ዘመን ኃጢአቱን ተማረ፤ ንስሐውን ግን አልወረሰም። ምስሎቹን አድቅቆ ትቢያ ያደረጋቸው የልጅ ልጁ ኢዮስያስ ነው። እግዚአብሔር ምናሴን ማረው፤ ያስተማረው ክፋት ግን በቤቱ ተርፎ ቈየ።

ስለዚህ የምናሴ ታሪክ ለእያንዳንዱ ክርስቲያናዊ ቤት ተስፋም ማስጠንቀቂያም ነው። ዛሬም ለበዓሉ ከሚታረደው ዶሮ ጎን ቀለሙ ተመርጦ ለዛር የሚታረድ ካለ፣ ከቅዳሴ መልስ ወደ ጠንቋይ ደጅ የሚያቀና ካለ፣ ገንዘብን ከፈጣሪው አብልጦ የሚወድ ካለ፣ ልጆች ያያሉ፤ ይማራሉም። ወላጅ ነገ ንስሐ ቢገባ ይማራል፤ ነገር ግን እስከዚያ ድረስ የዘራውን የሚያጭዱት ልጆቹ ናቸው። እንግዲህ ጣዖቱን ከደጅ መጣል ብቻ ሳይሆን ልጆቻችን እንዳያነሡት አድርገን እናድቅቀው፤ ወደ ንስሐ አባቶቻችንም ዛሬውኑ እንቅረብ።

ጌታችን ከምናሴ ዘር መወለድን አልናቀም፤ የእኛንም ቤት አይንቅም። እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።