ዶክተር አክሊሉ ለማ፦ እንዶድ፣ ቢልሃርዚያና የጉበት ብግነት

በሽንዲ፣ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ገጠር ካደጉ እንዶድን ያውቁታል፤ እናቶች ፍሬውን ወቅጠው ጋቢና ነጠላ ያጥቡበታል። ይህ ተክል ቢልሃርዚያን ለመከላከል እንደሚረዳ ለዓለም ያሳዩት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ከዓድዋ የተገኘው ፍንጭ

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ፤ ከፍተኛ ትምህርታቸውንም በአሜሪካ ተከታተሉ። በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የትሉ እጭ የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሞተ የበሽታው መንገድ ይቋረጣል ማለት ነው።

ጉበትን የሚጎዳው ምንድን ነው?

በአንጀት ቢልሃርዚያ ዋናው ጉዳት የሚመጣው ከትሉ ሳይሆን ሰውነትዎ በእንቁላሎቹ ላይ ከሚያስነሣው ብግነት ነው። ትሏ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ከፊሉ በሰገራ ይወጣል፤ ከፊሉ በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ ይቀራል። ቲ ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ከእንቁላሉ የሚወጣውን ባዕድ ነገር ለይተው ሌሎችን ይጠራሉ። ባዕድ ነገር የሚውጡት ማክሮፋጆችና ጥገኛ ትል የሚዋጉት ኢኦሲኖፊሎች መጥተው እንቁላሉን ይከቡታል። ይህ ጓጎላ ግራኑሎማ ይባላል። መርዙን አጥሮ ይይዛል፤ ለዓመታት ሲደጋገም ግን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው የደሙን መተላለፊያ ሲያጠብ ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ ደም ማስታወክም ሊከተል ይችላል።

ለእርስዎ የተረፈው

ዶክተር አክሊሉ በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 አረፉ። የመሠረቱት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

እርስዎ ወይም ልጆችዎ ወንዝ የምትዋኙ፣ በመስኖ ውኃ የምትሠሩ ከሆነና የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለ፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሰገራ አስመርምሩ። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ የቆየ ጠባሳን ግን ሙሉ በሙሉ ላያጠፋ ስለሚችል አይዘግዩ። መጸዳጃ ቤት መጠቀም እንቁላሉ ወንዝ እንዳይደርስ ያደርጋል። እንዶድ ግን ቀንድ አውጣን ስለገደለ ለሰው መድኃኒት ነው ብለው እንዳይጠጡት፤ መርዛማ ነው።